ስለማይረጋው ፕላዝማና ስለ መግነጢስ መስመሮች ዳግም መያያዝ
ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፥ አንበሳሜ



ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የሩቅ አገር ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ድምፁ አንዳንድ ቀን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንዳንድ ቀን ግን ነፋስ እንዳገኘው ኩራዝ ይርገበገባል፥ ይቀርባል፥ ይርቃል። አዳማጩም ባትሪው ያለቀ ወይም ጣቢያው የተበላሸ ይመስለዋል። እንዲህም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ በራዲዮውም በጣቢያውም ውስጥ የለም፤ ከራሳችን በላይ፥ ከደመና እጅግ ርቆ በሚገኝ የኤሌክትሪክ ባሕር ውስጥ ነው እንጂ።

ይህ ጽሑፍ ያ ባሕር ምን እንደ ሆነ፥ ስለምን እንደማይረጋ፥ ሊቃውንትም በእጃቸው ሊዳስሱት የማይችሉትን ነገር በኮምፒዩተር አስመስለው እንዴት እንደሚያሰሉት ባጭሩ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። የውጭ አገር ሥራዎች ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፥ የአገራችን ደግሞ በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

ፕላዝማ ምንድን ነው?

በረዶ ሲሞቅ ውሃ፥ ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጋዝ ከዚያም በላይ እጅግ ሲሞቅ፥ ወይም ኀይለኛ ጨረር ሲያገኘው፥ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይጥላሉ። ኤሌክትሮኑ ኔጌቲቭ፥ የተረፈው የአቶም ክፍል ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ለየብቻው ይዞራል። እንዲህ ያለው ነገር ፕላዝማ ይባላል። መብረቅ የሚሄድበት መንገድ ለቅጽበት ፕላዝማ ነው፤ ፀሓይና ከዋክብትም ፕላዝማ ናቸው።

ፕላዝማን ከተራ አየር የሚለየው ዋናው ጠባዩ ይህ ነው። በአየር ውስጥ አንዲት ቅንጣት የጎረቤቷን መኖር የምታውቀው ስትጋጭ ብቻ ነው። በፕላዝማ ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ ከሩቅ ይሳሳባሉ፥ ይገፋፋሉም። ሲንቀሳቀሱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሆናሉ፤ ፍሰቱ የመግነጢስ ኀይል ይፈጥራል፤ ያም ኀይል ተመልሶ መንገዳቸውን ያጣምማል። በአንበሳሜ የገበያ ቀን የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። አንዱ ገበያተኛ የሚሄደው ሕዝቡ በገፋው በኩል ነው፤ ሕዝቡ ግን ከእነዚያው ገበያተኞች በቀር ሌላ አይደለም። ስለዚህ አንዱን ለይቶ መንገዱን መናገር አይቻልም፤ ሁሉን በአንድነት መከተል ያስፈልጋል።

የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ

ከምድር በላይ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ የፀሓይ ጨረር አየሩን እየመታ ከፊሉን ወደ ፕላዝማ ይለውጠዋል። ይህ የሰማይ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከአገር ወደ አገር የሚሻገረው ከዚህ እየተመለሰ ነው።

ምድርም ራስዋ እንደ ትልቅ መግነጢስ ናት። በመካከልዋ ተንጠልጥላ ወደ ላይም ወደ ታችም ልትዘነበል የምትችል የኮምፓስ መርፌ በለንደን አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች፤ በመግነጢስ ዋልታ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መርፌይቱ ጨርሶ ሳታዘነብል የምትጋደምበት መስመር የመግነጢስ ወገብ ይባላል። ይህ መስመር በእኛ በኩል ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብሎ ኢትዮጵያን ያቋርጣል። አዲስ አበባ ለመስመሩ እጅግ ቅርብ ናት፤ እኛም በደቡብ ጎንደር ያለነው ከእርሱ ብዙ አንርቅም። በመስመሩ ላይ በቀን፥ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፥ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ምሥራቅ ይሮጣል።

ስለዚህም የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በታወጀ ጊዜ፥ በ1950 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መግነጢስ የሚመዘግብ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። አባ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ካህን ጣቢያውን ለብዙ ዓመታት መርተዋል።

አለመርጋት ማለት ምን ማለት ነው?

በአንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ የኑግ ዘይት ቢጨምሩበት ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ይቆያል። ብርጭቆውን ቢነቀንቁትም ተመልሶ ይረጋል። አሁን ደግሞ ውሃው ከላይ፥ ዘይቱ ከታች ሆነው በጥንቃቄ ተደርድረዋል እንበል። በመካከላቸው ያለው ገጽ ፍጹም ዝርግ ቢሆን ለጊዜው ይቆሙ ነበር። ነገር ግን ፍጹም ዝርግ የሆነ ነገር የለም። ትንሽ ዝቅ ባለው በኩል ውሃው ይበልጥ ይወርዳል፤ ከፍ ባለው በኩል ዘይቱ ይበልጥ ይወጣል፤ ልዩነቱ ልዩነትን ይወልዳል። አለመርጋት የሚባለው ይህ ነው፦ ትንሽ ጉድለት ራስዋን እያባዛች ትልቅ የምትሆንበት ሁኔታ።

ለምሳሌ አንዲት ሞገድ በየዐሥር ደቂቃው እጥፍ የምትሆን ብትሆን፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ 64 እጥፍ፥ በሁለት ሰዓት ውስጥ 4096 እጥፍ ትሆናለች።

በመግነጢስ ወገብ ሰማይ ይህ በብዙ ምሽት ይሆናል። ፀሓይ ስትጠልቅ የአዮኖስፌር ታችኛው ክፍል ፈጥኖ ይሳሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ጋር ተመልሰው ይገናኛሉና። ከላይ ያለው ግን ወፍሮ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የወፈረው ፕላዝማ በሳሳው ላይ፥ በተጋደሙት የመግነጢስ መስመሮች ተደግፎ፥ እንደዚያ ውሃ ከላይ ተቀምጧል ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ሞገድ ከተነሣች የሳሳው ክፍል እንደ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። አረፋዎቹ በዐሥርና በመቶ በሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይሰፋሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከ1000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያልፋሉ። የራዲዮን ድምፅ የሚያርገበግቡት፥ አውሮፕላንና መርከብ መንገዳቸውን የሚያውቁበትን የጂፒኤስ ምልክት የሚያደናቅፉት እነዚህ ናቸው። የዚህ ነገር ምልክት እ.ኤ.አ. በ1938 በፔሩ አገር ታይቶ ተጽፏል፤ ፔሩም እንደ እኛ የመግነጢስ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት።

መስመሮቹ ራሳቸው ሲቈረጡ

እስካሁን ያየነው አለመርጋት የመግነጢስ መስመሮቹን ሳይቈርጥ የሚሆን ነው። ከዚህ የበረታ ሌላ ዐይነት አለ፤ እርሱም በይበልጥ በፀሓይ ላይ ይታያል።

በፕላዝማ ውስጥ የመግነጢስ መስመሮች እንደ ተወጠረ ላስቲክ ጕልበት ያከማቻሉ። ሁለት የላስቲክ ገመዶች ጎን ለጎን፥ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ተወጥረው በጣም ተቀራረቡ እንበል። በመካከላቸው ያለው ስፍራ እንደ ስስ አንሶላ ሆኖ ብዙ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሸከማል። እጅግ ሲሳሳ መስመሮቹ በአንድ ነጥብ ላይ ይቈረጡና የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ይያያዛል። አዲሶቹ መስመሮች የታጠፉ ስለሆኑ እንደ ላስቲክ ወንጭፍ ሲቃኑ ፕላዝማውን በግራና በቀኝ ያስፈነጥሩታል። የመግነጢስ መስመሮች ዳግም መያያዝ የሚባለው ይህ ነው። በብዙ ቀን ቀስ ብሎ የተከማቸ ጕልበት በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀት፥ ብርሃንና ፍጥነት ይሆናል።

ፒተር ስዊትና ዩጂን ፓርከር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን በሒሳብ ባሰሉት ጊዜ አንድ ችግር ገጠማቸው። በሒሳባቸው መሠረት በፀሓይ ላይ የሚታየው ፍንዳታ ወራት ሊፈጅ ይገባው ነበር፤ በእውነቱ ግን በደቂቃዎች ይፈጸማል። እንቆቅልሹ ለብዙ ዓመታት ቆየ። በኋላ፥ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፥ ያ ስስ አንሶላ ራሱ የማይረጋ መሆኑ በግልጥ ታወቀ። እጅግ ሲረዝምና ሲሳሳ በብዙ ስፍራ እየተቀደደ እንደ ዶቃ የተደረደሩ የመግነጢስ ደሴቶች ይሆናል፤ ሥራውም በአንድ ጠባብ በር መሆኑ ቀርቶ በብዙ በር ስለሚካሄድ ይፈጥናል። እንግዲህ አለመርጋትና ዳግም መያያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል።

ይህ ለሰው ኑሮ ሩቅ እንዳይመስል በግንቦት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ከፀሓይ የተወረወረ ፕላዝማ ምድርን መታ፤ መስመሮቹም ከምድር መስመሮች ጋር ተያያዙ። የዋልታ ብርሃን ባልተለመደባቸው አገሮች ታየ፤ በአሜሪካም በጂፒኤስ እየተመሩ የሚዘሩ ትራክተሮች በዘር ወራት ሥራቸው ተስተጓጐለ። የእኛ ገበሬ በሬውን በጂፒኤስ አይነዳም፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር የሚነሣው አውሮፕላን፥ የመሬት መለኪያው መሣሪያና በስልክ የምናየው ካርታ ሁሉ ምልክታቸውን የሚቀበሉት በዚሁ ሰማይ በኩል ነው።

በኮምፒዩተር አስመስሎ ስለ ማስላት

ፀሓይን ወደ ቤተ ሙከራ ማምጣት አይቻልም። አረፋውንም በብርጭቆ መያዝ አይቻልም። የቀረው መንገድ የፍጥረትን ሕግ ለኮምፒዩተር ሰጥቶ ፕላዝማውን በሒሳብ ማስመሰል ነው።

በመጀመሪያ ሲታይ ይህ የማይሞከር ይመስላል። 1000 ቅንጣቶች ቢኖሩ በመካከላቸው 499,500 ጥንዶች አሉ። አንድ ሚሊዮን ቢሆኑ ጥንዶቹ ወደ 500 ቢሊዮን ይደርሳሉ፤ ያውም በእያንዳንዱ ቅጽበት እንደገና መሰላት አለባቸው። ስለዚህ ሊቃውንት የሚከተለውን ዘዴ አበጁ።

አንደኛ፥ ስፍራው እንደ ሒሳብ ደብተር በትንንሽ ጓዳዎች ይከፈላል፤ በኮምፒዩተሩ ያለችው አንዲት ቅንጣትም ለብዙ እውነተኛ ቅንጣቶች እንደራሴ ትሆናለች። ሁለተኛ፥ በእያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ ስንት የኤሌክትሪክ ሙልና ምን ያህል ፍሰት እንዳለ ይቈጠራል። ሦስተኛ፥ ከዚህ ቈጠራ በማክስዌል ሕግ የኤሌክትሪኩና የመግነጢሱ ኀይል ይገኛል። አራተኛ፥ ያ ኀይል እያንዳንዷን ቅንጣት ወዴትና ስንት እንደሚገፋት ተሰልቶ ቅንጣቷ ጥቂት ትራመዳለች። ከዚያም ወደ ቈጠራው ተመልሶ በሺህና በሚሊዮን ለሚቈጠር ጊዜ ይደገማል። ገበያተኛው በሕዝቡ ይገፋል፤ ሕዝቡም ከገበያተኞች ይቈጠራል ማለት ነው።

ይህን ዐይነት ሥራ ከጀመሩት አንዱ ኦስካር ቡነማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የጥቂት መቶ ቅንጣቶችን ጉዞ አስልቶ፥ ኤሌክትሮኖች በሌሎቹ ቅንጣቶች መካከል ፈጥነው ሲያልፉ ፍሰቱ እንደማይረጋ አሳየ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1963 እርሱና ዶናልድ ፋርሌይ፥ ለየብቻቸው ሲሠሩ፥ በመግነጢስ ወገብ ላይ የሚሮጠው የቀን ፍሰት እንዴት በትንንሽ ሞገዶች እንደሚታወክ አስረዱ። ያ አለመርጋት ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። እንግዲህ ከዚህ የሒሳብ ጥበብ ጀማሪዎች የአንዱ ስም በእኛው ሰማይ ላይ ካለው ነገር ጋር ተያይዞ ይኖራል።

ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ሲጠጋ

በጠፈር ውስጥ ከፀሓይ እጅግ የበረቱ ስፍራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1054 የቻይና ሊቃውንት አዲስ ኮከብ በሰማይ አይተው ጻፉ፤ የፈነዳው ኮከብ ፍርስራሽ ዛሬ የሸርጣን ኔቡላ ይባላል። በመካከሉ ያለው የኮከብ አስኳል በአንድ ሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። በዙሪያው ያለው ፕላዝማ ቅንጣቶቹ የብርሃንን ፍጥነት፥ ይኸውም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ሊደርሱበት የተቃረቡ ናቸው።

በዚህ ደረጃ የአንስታይን ትምህርት ያስፈልጋል። ከብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የደረሰ ኤሌክትሮን ጠቅላላ ጕልበቱ በዕረፍት ካለው ጕልበት 7 እጥፍ ያህል ነው፤ 99.9 በመቶ ቢደርስ 22 እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ አንድ በመቶ እንኳ ሳይጨምር ጕልበቱ ሦስት እጥፍ አደገ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 አጂሌና ፌርሚ የተባሉት ሳተላይቶች ከሸርጣን ኔቡላ ድንገተኛ የጋማ ጨረር ፍንጥቅታ አዩ። ጨረሩ አስቸጋሪ ነበር፤ መግነጢስ መንገዱን የሚያጣምምበት ኤሌክትሮን ጕልበቱን በብርሃን መልክ ስለሚያፈስስ፥ ከተወሰነ ልክ በላይ ሊፈጥን አይገባውም ተብሎ ይታመን ነበርና። መልሱን ያቀረበው በኮምፒዩተር የተሠራ ማስመሰያ ነው። ቤኖዋ ሴሩቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ፥ መስመሮች ዳግም በሚያያዙበት አንሶላ መካከል መግነጢሱ ስለሚደክም ኤሌክትሮኑ ሳይጠማዘዝ በቀጥታ እየሮጠ ያለ ኪሣራ ጕልበት ሊሰበስብ እንደሚችል አሳዩ። ከአንሶላው ሲወጣ ግን መግነጢሱ ይይዘውና ያን ሁሉ ጕልበት በአንድ ጊዜ ያበራዋል።

ኮምፒዩተር ሊዋሽ ይችላልን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ኮምፒዩተሩ ሞገድ አሳድጎ ቢያሳየን፥ ያደገው በፍጥረት ውስጥ ያለው ነው ወይስ ሒሳቡ ራሱ የፈጠረው?

ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ስፍራው በጓዳዎች ተከፍሎ ሲሰላ አጫጭር የብርሃን ሞገዶች ከእውነተኛው ፍጥነታቸው ጥቂት ይዘገያሉ። እጅግ ፈጣን ቅንጣት ስትመጣ እነዚህን ሞገዶች ትቀድማለች፤ በጣና ላይ ፈጥኖ የሚሄድ ጀልባ ከኋላው ሞገድ እንደሚጎትት ሁሉ እርስዋም ሞገድ ትጎትታለች። ያም ሞገድ እያደገ እውነተኛ አለመርጋት ይመስላል። በእውነተኛው ጠፈር ግን ከባዶ ስፍራ ብርሃን የሚፈጥን ቅንጣት የለም። ይህ የሐሰት አለመርጋት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የብርሃንን ፍጥነት የሚጠጋ ፕላዝማ የሚያስመስሉ ሁሉ ዛሬም ይጠነቀቁታል።

ስለዚህ ሦስት መመርመሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ሒሳቡን በራሱ መፈተን ነው፦ ጓዳዎቹ ሲያንሱና እርምጃው ሲያጥር መልሱ ይለወጣል ወይ? ጠቅላላው ጕልበትስ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይቆያል ወይ? ሁለተኛው አንድን ጥያቄ ለብዙ ሰዎች መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ የታወቀ ሥራ ልዩ ልዩ ቡድኖች አንዱኑ የዳግም መያያዝ ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘዴ አሰሉት። የኤሌክትሮኖችንና የከባዶቹን ቅንጣቶች መለያየት የቈጠሩት ሁሉ ተቀራራቢ ፍጥነት አገኙ፤ ያልቈጠሩት ግን ዘገዩ። ሦስተኛውና ትልቁ መመርመሪያ መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ የላከቻቸው አራት ተጓዳኝ ሳተላይቶች መስመሮች በሚያያዙበት ስፍራ መካከል አልፈው የኤሌክትሮኖቹን ሁኔታ ለክተዋል።

መለኪያው በአገራችን

በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ድርሻ ትንሽ አይደለም። ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው የተባሉት በአሜሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አምበር የተባለውን የአፍሪካ የመግነጢስ መለኪያዎች መረብ መርተዋል። ከመረቡ መለኪያዎች አንዱ በአዲግራት ተተክሎ ነበር። ዘዴው ለማንም ግልጥ ነው፦ አዲስ አበባ ከወገቡ አጠገብ ናት፤ አዲግራት ግን ከእርሱ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ሁለቱም ከሩቅ የሚመጣውን የመግነጢስ ለውጥ እኩል ያህል ይመዘግባሉ፤ የወገቡን ፍሰት ግን አዲስ አበባ አብልጣ ትሰማለች። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የፍሰቱ ብርታት ይቀራል። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በመቀነስ ሒሳብ ይገኛል።

በጎረቤታችን በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲው ዋሸራ የተባለ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አቋቁሟል፤ በከተማው የተተከሉ የጂፒኤስ መቀበያዎች መዝገብም ስለ ምሽቱ አረፋ ለተደረጉ ጥናቶች ውሏል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤም በሙያቸው የዚሁ የአዮኖስፌርና የራዳር ትምህርት ሊቅ ናቸው። ቢሆንም በፔሩ አገር፥ በሂካማርካ፥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የመግነጢስ ወገብን ሰማይ በትልቅ ራዳር ሲመለከቱ፥ በአፍሪካ በኩል ያለው ሰማይ ለረጅም ጊዜ ጥቂት መሣሪያ ብቻ ነበረው። መለኪያ በሌለበት ስፍራ የኮምፒዩተሩን ሒሳብ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው የሚል ምስክር አይገኝም።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት በር ለእኛ የተዘጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆን ዶሰን ፕላዝማን በአንድ መስመር ላይ እንደ ተደረደሩ ስስ ገጾች አድርጎ አሰላ። በዚያ ሒሳብ አንዱን ገጽ የሚገፋው ኀይል የሚገኘው በግራው ያሉትን ከቀኙ ካሉት ጋር ቈጥሮ በማበላለጥና ገጹ የቆመበትን ስፍራ በማመዛዘን ነው። ኮምፒዩተር ባይኖር እንኳ ሃያ ገጾችን በደብተር ላይ ደርድሮ፥ በእርሳስ እርምጃ በእርምጃ ማንቀሳቀስ ለሁለት ተማሪዎች የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። አንዱ ገጽ ከስፍራው ጥቂት ሲነቃነቅ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይታያል። ያም መመላለስ ከመጻሕፍት የተገለበጠ ሳይሆን በገዛ ቈጠራችን የተገኘ የፕላዝማ ሞገድ ይሆናል። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በሚመጣው ዓመት ይህን እንዲሞክር አሳስባለሁ።